በአንበሶቹና በነብሮቹ መካከል

ዳማን ያመጣሁት በጆንያ ነው። የእህቴ አርባ በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ተከራይታበት የነበረው ቤት ቁልፍ ለባለቤቱ ሲመለስ፣ ከተወችው ሁሉ ማንም ያልጠየቀው ድመቷ ዳማ ብቻ ነበር። ልብሷ ለነዳያን ተሰጥቷል፤ ሰታቴና ድስቷን ዘመድ ተካፍሎታል፤ አልጋዋ ተሽጧል። ባዶው ክፍል ውስጥ ጋቢዋ ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ከነጋቢው ጠቅልዬ የጤፍ ጆንያ ውስጥ አስገባሁት። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ሳሪስ እስክንደርስ አንዴም አልጮኸም።

እቤት ድመቴ ቦቄ ነበረች። እኔ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ እየሸጥኩ ነው የምተዳደረው። አተርና ሽምብራ ያለበት ቤት አይጥ አያጣም፤ ቦቄም ከስምንት ዓመት በፊት ለዚሁ ሥራ ነው የገባችው። ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፤ ስሟ ከዚያ መጣ። ባለቤቴ ያረፈ ሰሞን እግሬ ሥር እየተኛች ያደረችው እሷ ናት። ልጆቼ አንድ በአንድ ጎጆ ሲወጡ፣ በዚህ ቤት ከእኔ ሌላ የምትተነፍስ ነፍስ እሷ ብቻ ቀረች።

ጆንያውን መሀል ሳሎን አስቀምጬ አፉን ፈታሁት። «ነይ ቦቄ፣ ወንድምሽ መጥቷል» አልኳት። እውነቴን ነው፣ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር።

ዳማ ጭንቅላቱን ብቅ ከማድረጉ ቦቄ ወገቧን አጉብጣ፣ ፀጉሯን አቁማ፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ አወጣች። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደቀደመ አላየሁም። ረከቦቱ ተገለበጠ፤ ሁለት ስኒ ተሰበረ፤ ልገላግል ብዬ የሰደድኩት እጄ ከክርኔ በታች ተሸነተረ። ዳማ ቁምሳጥን ሥር ገባ። ቦቄ በመስኮት ወጥታ ጣራ ላይ ሄደች፤ ሁለት ሌሊት አልገባችም። በሦስተኛው ቀን መጣች፤ መጥታም ለቤተ ክርስቲያን አጥፌ ያስቀመጥኩት ነጠላ ላይ ሸናችበት።

መጥረጊያ አነሳሁባት። «ምቀኛ!» አልኳት።

መጥረጊያውን አላሳረፍኩባትም። ቃሉ ግን እኔው ላይ ተመልሶ አረፈ፤ ማታ ስተኛ እንኳ አልለቀቀኝም። ምቀኝነት ኃጢአት ነው። ኃጢአት ደግሞ ትእዛዝ ለተሰጠው፣ መምረጥ ለሚችል ፍጥረት ነው። እንስሳ አይጾምም፤ ንስሐ አይገባም፤ በፍርድ ቀንም ስለ ሥራው አይጠየቅም። እንግዲያው ቦቄ ኃጢአትን ከማያውቀው ተፈጥሮዋ ይህን ከየት አመጣችው? ወይ እኔ የሰጠኋት ስም ስህተት ነው፣ ወይ ደግሞ እኛ ሰዎች ኃጢአት የምንለው ነገር ሥሩ ሌላ ነው። ይህን ጥያቄ ሁለት ወር ያህል ይዤው ከረምኩ።

የመጀመሪያውን መልስ ያገኘሁት ለዳማ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ላስከትብ ከሄድኩበት ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው። የእጄን ጭረት አይቶ ነገሩን ሁሉ አስወራኝ፤ ስለ ነጠላውም ነገርኩት። አልሳቀብኝም። «እማማ፣ እሷ እኮ ቤቷ የፈረሰባት መስሏት ነው» አለኝ።

ድመት ቤቷን የምታውቀው በማሽተት እንደሆነ አስረዳኝ። ጉንጯና ግንባሯ ላይ፣ መዳፏም ውስጥ ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሏት። የበር መቃን፣ የወንበር እግር፣ የእኔን ቁርጭምጭሚት እያለፈች የምትታከከው በፍቅር ብቻ አይደለም፤ «ይህ የኔ ነው፣ እዚህ ሰላም ነው» እያለች እየጻፈች ነው። ሌላ ድመት በድንገት መሀል ቤት ሲገባ ጽሕፈቱ ሁሉ ይሰረዝባታል። ነጠላዬ ላይ የሸናችውም የራሷን ሽታ ከእኔ ሽታ ጋር ልታቀላቅል ነው፤ የጠፋባትን ልትመልስ። የድመት ቅድመ አያት በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ብቻውን እያደነ የሚኖር የዱር ድመት ነው፤ አንድ አይጥ ለሁለት አይበቃም። ውሻ በመንጋ ስለኖረ ከተጣላ በኋላ የሚታረቅበት ብዙ ምልክት አለው፤ ድመት ግን ከጠብ መራቅን እንጂ ዕርቅን ብዙ አልተማረችም። ስለዚህ ድመቶች አንዴ ከተጣሉ በኋላ ከማስታረቅ አስቀድሞ እንዳይጣሉ ማድረግ ይቀላል አለኝ።

ከዚያ ያዘዘልኝ ይህ ነበር። ዳማ ጓዳ ይግባ፤ በሩ ይዘጋ። የራሱ ምግብ፣ የራሱ ውኃ፣ የሚጸዳዳበትም አሸዋ ይኑረው፤ በጠቅላላው ለሁለት ድመት ሦስት የአሸዋ ሳጥን። አንዱን በጨርቅ አሽቼ ጨርቁን ከሌላው ሳህን ሥር እንዳነጥፍ፤ ሁለቱንም በተዘጋው በር ግራና ቀኝ፣ መጀመሪያ ራቅ አድርጌ፣ በየቀኑ እያቀረብኩ እንዳበላቸው፤ ቆይቼ ክፍል እንዳቀያይራቸው፤ ከዚያ በሽቦ ውስጥ እንዲተያዩ። ቢፏጩ እንዳልቆጣ፣ ፉጨት «አትቅረበኝ» ማለት እንጂ ጠብ እንዳልሆነ ነገረኝ። ዳማ የተኮላሸ ስላልነበረ እሱንም አስደረግሁለት፤ ያልተኮላሸ ወንድ ጠብና ሽንት ያበዛል።

«ስንት ቀን ይፈጃል፣ ልጄ?» አልኩት።

«እሷ ስትል ነው፣ እማማ» አለኝ።

ስለ ሽታ የነገረኝን ለመረዳት አልተቸገርኩም። እኔም በአፍንጫዬ የምኖር ሰው ነኝ። ኮረሪማው መብዛቱን፣ ነጭ አዝሙዱ ከመጠን በላይ መቆላቱን፣ በሶብላው በወጉ መድረቁን በማሽተት ነው የምለየው። ከዳማ ጋር የመጣው ጋቢ ደግሞ የእህቴ ሽታ ነበረበት፤ አደስና የወይራ ጢስ። ልብሷ ሁሉ ሲሰጥ ያ ጋቢ ብቻ ነበር በድመቱ ምክንያት የተረፈው። አላጠብኩትም። ጓዳ አንጥፌለት በሩን ስዘጋ፣ አንዳንዴ እኔም ገብቼ አጠገቡ ቁጭ እል ነበር።

በሩን መዝጋቱ ግን ከበደኝ። ሙስሊሟ ጎረቤቴ አንድ ቀን ሽሮ ልትወስድ መጥታ ዳማ ከጓዳ ሲጮህ ሰማች። ድመት አስራ፣ ሳታበላትና ሳትለቃት ስለገደለች፣ በዚያም ምክንያት እሳት ስለገባች ሴት ነቢያቸው የተናገሩትን አጫወተችኝ። ደነገጥኩ። የምሠራውን አስረዳኋት፤ እሷም ገብታ ምግቡን፣ ውኃውን፣ ጋቢውንና መስኮቱን አየች። «እህቴ፣ ያቺ ሴት እኮ አስራ ረሳቻት፤ አንቺ ግን ዘግተሽም ትመላለሻለሽ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሏ ከልኳንዳው ሳንባ ይልክልኝ ጀመር፤ ዐቢይ ጾም ሲገባና የእኛ ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ሁለቱ ድመቶቼ ያልተራቡት በእነሱ ነው። መዝጋትና መርሳት አንድ አለመሆናቸውን ያስተማረችኝን ሴት እዚህ ሳላመሰግን አላልፍም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ይህን የምጽፈው ስለ ድመት ብቻ አይደለምና።

ያረፈችው እህቴ የእናቴ ልጅ አልነበረችም። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሷ ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቴ አንድ ማታ እንግዶች በተሰበሰቡበት ከደብረ ብርሃን እጇን ይዞ አመጣት። እናቷ ሞታ ነው። መሀል ቤት አቁሞ፣ «እህትሽ ናት፤ ሳሚያት» አለኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር፤ ሳምኳት። ከዚያ ለእራት ሲቀረብ ከጎኑ፣ ሁልጊዜ እኔ በምቀመጥበት በኩል፣ እሷን አስቀመጣት፤ በእጁም አጎረሳት። እናት የሌላት ልጅ መሆኗ ዛሬ ይገባኛል፤ መጉረስ ነበረባት። ያን ማታ ግን ያየሁት ቦታዬን ነው። ሌሊት ቆነጠጥኳት። ጮኸች። አባቴ በቀበቶ ገረፈኝ፤ እየገረፈም የጠራኝ በዚያው ቃል ነው፤ «ምቀኛ!»

ኀምሳ ዓመት አልፎ፣ መጥረጊያ ይዤ ቦቄ ላይ ስቆም ከአፌ የወጣው የአባቴ ቃል ነበር።

ጥር ላይ የንስሐ አባቴ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡ። ያን ጊዜ የጓዳው በር ተነስቶ በምትኩ የዶሮ ሽቦ የተመታበት የጣውላ መዝጊያ ገብቶበታል። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ከጆንያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ስለ ቀበቶውም ነገርኳቸው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። በመጨረሻም ጥያቄዬን አነሳሁ፤ «አባቴ፣ ኃጢአት የሌለባት ፍጥረት እንዴት ምቀኛ ትሆናለች?»

በርጩማው ላይ ተቀምጠው ጥቂት ዝም አሉ። «ልጄ፣ ቃሉን አጥርተሽ ያዢ» አሉኝ። «ቅናትና ምቀኝነት አንድ አይደሉም። ቅናት የኔ ያልኩትን እንዳላጣ ማለት ነው። ምቀኝነት ሌላው አያግኝ ማለት ነው። በኦሪት እግዚአብሔር ራሱን ቀናተኛ አምላክ ብሎ ጠርቷል። ምቀኛ የሚለው ስም ግን የእሱ ሊሆን አይችልም፤ የጠላት ነው።»

ስንት ዓመት ቅዳሴ የቆምኩ ሴት ነኝ፤ ሁለቱን ቃላት ለያይቼ አስቤያቸው አላውቅም ነበር። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች በአንድ ትንፋሽ እናወጣቸዋለን፤ «ቅናትና ምቀኝነት» እያልን አጣምረን እንሰድባለን። ሲለያዩ ግን ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። የቦቄ ቅናት ነው። የዘጠኝ ዓመቷም ልጅ ቅናት ነው። ቅናት «ቦታዬን አጣሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው መልስ ሲያገኝ ይበርዳል። ማንም ሳይመልስለት ሲቀር፣ ወይም በቀበቶ ሲመለስለት ደግሞ ወደ ምቀኝነት ይከርራል። እኔ ራሴን አውቃለሁ፤ ያን ማታ እህቴን ፈራኋት፤ መጥላት የጀመርኩት ከተገረፍኩ በኋላ ነው።

የንስሐ አባቴ የጠፋውን ልጅ ታሪክ ደግሜ እንዳነበው መከሩኝ፤ ሉቃስ ላይ ያለውን። ሁልጊዜ ስንሰማው ጆሯችን ወደ ታናሹ ነው፤ አባቱ ሮጦ ወደተቀበለው። ታላቁ ደግሞ ተቆጥቶ አልገባም ሲል አባትየው ምን አደረገ? ለእሱም ወጣ። ከግብዣው መሀል፣ እንግዶቹን ትቶ፣ ደጅ ድረስ ወጥቶ ለመነው። ያ አባት ለሁለት ልጆች ሁለት ጊዜ ነው የወጣው። ቃየንንም ቢሆን እግዚአብሔር ያነጋገረው ከመግደሉ በፊት ነው፤ ፊትህ ስለምን ጠቆረ ብሎ ጠይቆታል፤ ደጁ ላይ ስላደባው ኃጢአትም አስጠንቅቆታል። የተከፋው ፊት ገና ወንጀል አልሆነም። የሚጠይቀው ይፈልጋል። ለቃየን ጠያቂ ተልኮለት ነበር፤ እሱ እምቢ አለ። ለእኔ ግን ከቤት ወጥቶ የለመነኝ አልነበረም፤ ይህን አባቴን ለመክሰስ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው የምጽፈው።

ከንስሐ አባቴ ጋር በአንድ ነገር አልተስማማንም፤ ዛሬም አልተስማማንም። «እንስሳ ለሰው ምሳሌ አይሆንም፤ ሰው ጸጋ አለው፣ ያለ ሽቦ መዋደድ ይችላል፤ ፍቅር ትእዛዝ ነው» አሉኝ። ትእዛዝ መሆኑን አምናለሁ። ግን ትእዛዙ መጀመሪያ ለእጅ ይመስለኛል፤ አትምታ፣ አጉርስ፣ ቦታ ልቀቅ። ልብ ከኋላ ነው የሚመጣው፤ የሚመጣበትንም ቀን ሌላ ሰው ሊቆርጥለት አይችልም። እኔና እህቴን «ተዋደዱ» ያለን ሁሉ አልተሳካለትም። ያቀራረበን ወፍጮ ቤት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እህል ተሸክመን እንላካለን፤ ወረፋው ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ዱቄት በሚቦንበት ደጅ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ አንነጋገርም። ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። አንድ ቅዳሜ ቆሎዋን ወደ እኔ ገፋ አደረገች። ዘገንኩ። ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ አባታችን ሲሞት በአንድ ድንኳን አልቅሰን ቀበርነው፤ እንደ ይስሐቅና እስማኤል፣ በልጅነታቸው እንደተለያዩትና አብርሃምን አብረው እንደቀበሩት።

ሳሎኔ ግድግዳ ላይ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል አለ። ሠፈሬ የአቦ ሠፈር ነው፤ ልጅ ሆኜም ዝቋላን በእግሬ ወጥቻለሁ። ጻድቁ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር እንደኖሩ ከልጅነቴ የሰማሁት ነው። ስንት ዓመት ያየሁትን ሥዕል ግን ያስተዋልኩት በዚያ ሰሞን ነው፤ በሽቦው አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ሁለቱን ሳበላ ፊት ለፊቴ ነበርና። አንበሳና ነብር በዱር ወዳጅ አይደሉም። አንበሳ የነብር ግልገል ይገድላል፤ ነብርም ያደነውን አንበሳ እንዳይቀማው ዛፍ ላይ ይዞ ይወጣል። በእኔ ሥዕል ላይ አንበሶቹ በአንድ በኩል፣ ነብሮቹ በሌላ በኩል ናቸው። አይተቃቀፉም። መሀል ላይ እጃቸውን ዘርግተው የቆሙት ጻድቁ ናቸው። አንበሶቹ ነብሮቹን ወደዱ ሲባል አልሰማሁም፤ ሁለቱም ከእሳቸው አልራቁም ነው የተባለው። ሰላማቸው በመሀል በቆመው ሰው በኩል ያልፋል።

እኔ ጻድቅ አይደለሁም፤ ሽቦ ያስፈለገኝም ለዚያ ነው። ግን መሀል መቀመጥ እችላለሁ። ጧትና ማታ ውዳሴ ማርያሜን እየደገምኩ አንድ እጄን በዚህ፣ አንድ እጄን በዚያ አድርጌ ተቀመጥኩ። አንድ ሥርዓት አጥብቄ ያዝኩ፤ ሳህኑ መጀመሪያ ለቦቄ፣ ጥሪው መጀመሪያ ለቦቄ። ዳማ ሐዘንተኛ ነው፣ ያሳዝናል፤ አንጀቴ ወደ እሱ ነበር። ነገር ግን ለእሱ ስል ከእሷ የቀነስኩ ዕለት ዕዳውን የሚከፍለው እሱ እንደሆነ አይቻለሁ፤ በሽቦው ላይ እየዘለለች ታስፈራራው ነበር። የቀደመው ድርሻው ሲጠበቅለት ነው ለመጪው ቦታ የሚገኘው። አባቴ ያን ማታ እኔን በቦታዬ አስቀምጦ እህቴን በሌላው ጎኑ ቢያደርጋት ኖሮ ሁለታችንንም ማጉረስ ይችል ነበር፤ ሁለት ጎን ነበረው።

የካቲት ላይ ዘመድ መጥቶ ጓዳው ስለተፈለገ ቸኮልኩ፤ ሽቦውን ያለ ጊዜው ከፈትኩ። ዳማ ጆሮው ተቀደደ። እንደገና ከተዘጋ በር ጀመርኩ። እዚህ ላይ የምጨምረው የለም።

መጋቢት 5፣ የአቦ ክብረ በዓል ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከሰዓት ሆኗል። ጾም ነው፣ ደክሞኛል። የሽቦውን መዝጊያ ሳልቀረቅረው መውጣቴን ያወቅሁት ደጅ ስደርስ ነው፤ ልቤ ቆመ። ቦቄ የሽሮ ጣሳዎቹ መደርደሪያ ላይ ነበረች። ዳማ ወለሉ ላይ፣ ፀሐይ በገባችበት በኩል ተዘርግቷል። እሷ ከላይ አየችው። ከዚያ ዐይኗን በዝግታ ከደነች፣ በዝግታ ገለጠች፤ ሐኪሙ ድመት የምትረጋጋበት ምልክት ነው ያለኝ ያ ነው። ነጠላዬን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ዛሬ በአንድ ጊዜ ይበላሉ፤ በሁለት ጥግ። ተቃቅፈው ሲተኙ አላየሁም። ጋቢውን አሁንም አላጠብኩትም፤ ጧት ጧት ቦቄ ትተኛበታለች፣ ከሰዓት በኋላ ዳማ።